«ስልክ» የሚለው ቃል በሐረር በኩል ነው የገባው? የምታውቁ ኑ

ጠጋኙ_ከከዚራ

ሰላም ለድሬና ለሐረር ልጆች በሙሉ።

ሥራዬ ስልክ መጠገን ነው። ሰሞኑን አንድ ደንበኛ የአያቱን የድሮ የቤት ስልክ ይዞ መጣ። ጥቁሩ፣ ቁጥሩ በጣት የሚዞረው ዓይነት ነው። ስፈታው ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ሽቦዎች በፕላስቲክ ሳይሆን በክር የተጠቀለሉ ናቸው። ደንበኛዬ «ለዚህ እኮ ነው ስልክ የተባለው፤ ፈረንጅ ሐርን ሲልክ ይለዋል» አለኝ። ይህን ወሬ ከሌላም ሰው ሰምቼዋለሁ። ልክ አይደለም፤ ስለዚህ ትክክለኛውን አብረን ብናወራው ብዬ ነው።

ስልክ ከዐረብኛ የመጣ ቃል ነው። በዐረብኛ «ሲልክ» ክር ወይም ሽቦ ነው። ዕንቁ የሚደረደርበት ክር ሲልክ ነው፤ የመብራት ሽቦም ሲልክ ነው። ዐረቦች ግን መደወያውን ራሱን ሲልክ ብለው አያውቁም። በአፍ «ተሊፎን» ይሉታል፣ በጽሑፍ «ሃቲፍ»። እንግዲህ እኛ የወሰድነው የሽቦውን ስም ነው። እሱን ይዘን ዕቃውን በሙሉ ጠራንበት።

እንዲህ ያደረግነው እኛ ብቻ አይደለንም። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ስልክን «ሲሙ» ይሉታል። ቃሉ የፋርስ ነው፤ በፋርስኛ «ሲም» ብርም ነው፣ ሽቦም ነው። ሐውሳዎች «ዋያ» ይላሉ፤ የእንግሊዝኛው ዋየር ነው። አይስላንዶች ደግሞ በጥንት ጽሑፋቸው ውስጥ የቀረ የክር ስም ነበራቸው፣ «ሲሚ» የሚባል። አንሥተው ለስልክ ሰጡት። የስዋሂሊው ሲሙና የአይስላንዱ ሲሚ ዘመዳሞች አይደሉም፤ ድምፃቸው በአጋጣሚ ገጠመ። ሐሳቡ ግን አንድ ነው። በየአገሩ ያለው ሰው ቀና ብሎ ያየው ሽቦውን ነበር።

አውሮፓ ውስጥ የተስፋፋው ቃል ሌላ ነው። ቴሌ በግሪክ ሩቅ፣ ፎኔ ድምፅ ነው። ጀርመናዊው ፊሊፕ ራይስ በ1861 እ.ኤ.አ. መሣሪያውን በዚህ ስም ጠራው። ቤል የፈጠራ መብቱን ያወጣው በ1876 ነው፤ ከዚያ በኋላ ቃሉ ዓለምን ዞረ። እኛ ጋ ሲደርስ ግን ተሸነፈ። ዛሬም ቴሌፎን ብሎ የሚያወራ አበሻ ጥቂት ነው።

የእኔ እምነት ቃሉ ወደ አማርኛ የገባው በእኛ በር ነው የሚል ነው፣ በሐረር። የአገሪቱ የመጀመሪያው ረጅም የስልክና የቴሌግራፍ መስመር ከሐረር አዲስ አበባ የተዘረጋው 477 ኪሎ ሜትር ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ዕድሜውን የሚቆጥረው ከዚያ ነው፣ ከ1894 እ.ኤ.አ.። ሐረር ደግሞ ያኔም ዐረብኛ የሚጻፍባት፣ በዐረብኛ የሚነገድባት ከተማ ነበረች። ምን ትላላችሁ?

ጀጎል_ውስጥ

ማሻአላህ፣ ጥሩ ነገር አነሣህ ወንድሜ።

በዐረብኛው ላይ ትንሽ ልጨምር። ሲልክ የመጣበት ሥር ሰ-ለ-ከ ነው። መንገድ መሄድ፣ በጠባብ ውስጥ ማለፍ፣ ክርን በቀዳዳ ማሳለፍ፣ ይህን ሁሉ ይይዛል። «መስለክ» መንገድ ነው። «ሱሉክ» ደግሞ አንድ ሰው ወደ አላህ የሚሄድበት አካሄድ ነው፣ በሸይኽ እየተመራ። ሐረር የአውሊያ፣ የአላህ ወዳጆች ከተማ ስለሆነች ይህን ቃል እዚህ ቂርኣት (የዲን ትምህርት) የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል። እናም አንድ የጀጎል ሰው በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. ሸዋ በር ላይ ቆሞ ሽቦ ሲወጠር ቢያይና ስሙን ቢጠየቅ «ሲልክ» ማለት አይከብደውም። ቃሉ አፉ ላይ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ግብፆች ሐረርን ከ1875 እስከ 1885 እ.ኤ.አ. ይዘዋት ነበር። ግብፅ ውስጥ ቴሌግራፍ የተጀመረው ከዚያ ሃያ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ ስለ ሽቦውና ስለሚያደርገው ነገር በዐረብኛ የሚያወሩ ሹማምንትና ወታደሮች እዚሁ ግንቡ ውስጥ ዐሥር ዓመት ኖረዋል። ራስ መኮንን ሐረርን ሲረከቡ ከተማዋ ለዚህ ወሬ አዲስ አልነበረችም።

የታሪክ_መምህር

ጠጋኙ፣ ጽሑፍህን ወድጄዋለሁ። ግን እንከራከር፣ ያለዚያ ነገሩ አይጠራም።

አንደኛ፣ ዐረብኛ ወደ ኢትዮጵያ የሚገባበት በር ሐረር ብቻ አልነበረም። ምፅዋ አለ። ግብፆች ምፅዋን የያዙት በ1865 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከሐረር ዐሥር ዓመት በፊት። በመተማ በኩል የሱዳን ነጋዴ አለ። ቃሉ ከሰሜን ወርዶ ሊሆን ይችላል፤ በምሥራቅ ወጥቶም ሊሆን ይችላል። የመስመሩ በሐረር መጀመር ብቻውን የቃሉን መንገድ አይወስንም።

ሁለተኛው ይበልጥ ይከነክነኛል። ያን ጊዜ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ዙሪያ የነበሩት ፈረንጆች ናቸው። ስዊዘርላንዳዊው ኢልግ አለ፣ ፈረንሳዮች አሉ፣ ጣሊያኖች አሉ። ራስ መኮንንም ስልኩን ያመጡት ከጣሊያን ጉዟቸው ሲመለሱ ነው ይባላል። ታዲያ ለምን ተሌፎን አላልነውም? «ፖስታ» የጣሊያን ቃል ነው። «ቴምብር» የፈረንሳይ ነው። ከፖስታ ጋር የመጣው ሁሉ የፈረንጅ ስም ይዞ ሲቀር ስልክ ብቻውን እንዴት ዐረብ ሆነ? ይህን ካልመለስክልኝ በሩን አልቀበልም።

ጠጋኙ_ከከዚራ

መምህር፣ ጥያቄህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሌሊቱን ሳስብበት አደርኩ።

ቴምብርን ተመልከት። የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ቴምብሮች በ1894 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ታትመው፣ ተቆጥረው፣ ታሽገው ነው የመጡት። እዚህ የሚጨመርበት ነገር የለም። ልሰህ ትለጥፈዋለህ፣ አለቀ። ዕቃው ተጠናቆ ስለመጣ ስሙንም ይዞ መጣ።

ስልክ እንደዚያ አይደለም። መደወያው ሳጥን ከፈረንጅ ይምጣ እንጂ መስመሩ እዚህ ነው የተሠራው። እንጨቱ ከእኛው ጫካ ነው የተቆረጠው። ጉድጓዱን የቆፈረው፣ እንጨቱን የተሸከመው፣ ጥቅል ሽቦውን በግመልና በበቅሎ የጫነው የአገር ሰው ነው። መደወያውን ያየው ባለሥልጣን በጣት የሚቆጠር ነው። ሽቦውን ግን ከሐረር እስከ ሸዋ ያለው ገበሬና እረኛ ሁሉ አይቶታል። እንግዲህ ስም የሚያወጣው ማን ነው? ያየው ነው፣ የደከመበት ነው። እሱ ደግሞ «ቴሌ» ምን እንደሆነ የሚነግረው ሰው አልነበረውም። የነጋዴውና የግመል መሪው ቋንቋ ግን አጠገቡ ነበር።

ዛሬም «የስልክ እንጨት» እንላለን። የስልክ ሽቦ የተሸከመ እንጨት ማለታችን ነው። ስልክ ቤት ውስጥ ካለው ሳጥን በፊት ደጅ የተዘረጋው ነገር ነበር ብዬ የማምነው ለዚህ ነው።

ሽንሌ_ማዶ

ወሪያ ጠጋኙ፣ የሶማሌውን ረሳኸው!

በእኛ ሽቦውም ቴሌግራሙም «ታር» ነው። የህንድ ቃል ነው። ህንዶች ሽቦን ታር ይሉታል፣ በሽቦ የሚላከውንም መልእክት ታር ይሉታል። እንዴት እኛ ጋ መጣ ካላችሁ መንገዱ ዐደን ነው። እንግሊዞች ዐደንን ለረጅም ጊዜ የሚያስተዳድሩት ከቦምቤይ ሆነው ነበር። በርበራና ዘይላም እስከ 1898 እ.ኤ.አ. ድረስ በህንድ አስተዳደር ሥር ነበሩ። ጸሐፊው ህንዳዊ፣ ገንዘቡ ሩፒ፣ የቴሌግራፍ ሠራተኛው ህንዳዊ። ቃሉም በዚያው ገባ።

በኋላ ነገሩ ተቀየረ እንጂ ቃሉ አልጠፋም። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ሶማሊያ ውስጥ ስልክ በጠፋ ጊዜ ሰው ከዘመዱ ጋር የሚገናኘው በሬድዮ መገናኛ ነበር። እሱንም ታር ነው የምንለው። ትልልቅ ሰዎች ታር ያለበት ቤት ሄደው ተራ ይዘው ይጠብቁ ነበር። አጠገብ የተቀመጠው ሁሉ ወሬህን ይሰማል፣ ምንም ማድረግ አይቻልም። ሬድዮው ሽቦ የለውም እኮ! ስሙ ግን ሽቦ ነው።

ስለዚህ ጠጋኙ ያለው ለእኔ ይገባኛል። ከድሬ እስከ በርበራ ያለው ሕዝብ ሁሉ ሽቦውን ነው የጠራው። የቃሉ አገር ብቻ ነው የተለያየው።

የጉርሱም_ልጅ

ሁሉም አይደለም ሽንሌ! ኦሮሞው ሽቦውን አልጠራም።

በአፋን ኦሮሞ ስልክ «ቢልቢላ» ነው። ቢልቢላ ደወል ነው፣ የቆየ የራሳችን ቃል። አንዳንድ ሰው «ከግራሃም ቤል ስም ነው» ሲል እሰማለሁ። ስልክ ከመፈጠሩ በፊትም ቢልቢላ ቢልቢላ ነበር፣ ከሰውዬው ጋር ምንም አያገናኘውም። የእንግሊዝኛው ቤል ደወል ማለት መሆኑ ነው ሰውን የሚያሳስተው።

እና የጠጋኙን ሐሳብ ትንሽ አዙሬ ላየው ነው። ሽቦ የተወጠረበት መንገድ ዳር ያለ ሰው ሽቦውን አየ። ኦሮሞው ግን ጆሮውን ተከተለ። ደውሉልኝ ስንል «ናፍ ቢልቢላ» እንላለን፤ ደወል ምቱልኝ እንደማለት ነው።

አማርኛውን ደግሞ እዩት። ስሙን ከሽቦ ወሰደ፣ ግሡን ግን ከደወል። «ስልክ ደወልኩ» ስትሉ ግማሹ ዐይን ነው፣ ግማሹ ጆሮ ነው። ደወል ያለው ቤተ ክርስቲያን ነበር፣ አሁን ኪሳችን ገባ። ለእኔ አማርኛና ኦሮምኛ እዚህ ላይ ግማሽ መንገድ አብረው ነው የሄዱት። ሶማሌዎች ምን ትላላችሁ?

ሽንሌ_ማዶ

እኛ «ወዕ» ነው የምንለው። ጥራ ማለት ነው። ሰው ከማዶ ቆሞ ስትጠራው የምትለው ያው ቃል። ደወልም ሽቦም የለበትም።

የባቡር_ጡረተኛ

ልጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የልጅ ልጄ ናት ይህን አንብባልኝ የምትጽፍልኝ።

ሽቦ ሽቦ ትላላችሁ፣ ስለ ባቡሩ ሽቦ ግን ማንም አላነሣም። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የገባው በ1902 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ላይ ነው። አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። ሐዲዱ ባለበት ሁሉ ሽቦው አለ። ያለ ሽቦ ባቡር አይሄድም። ምክንያቱም ሐዲዱ አንድ ብቻ ነው። ከዚህ የሚነሣውና ከዚያ የሚመጣው በአንድ መስመር ላይ እንዳይገናኙ ጣቢያ ለጣቢያ መነጋገር አለበት። ሽንሌ ለሐረዋ፣ አዲጋላ ለአይሻ። ቀጣዩ ጣቢያ «መንገዱ ነፃ ነው» ካላለ ባቡሩ አይለቀቅም።

አባቴ የጣቢያ ሠራተኛ ነበሩ፣ እኔም ተከትዬ ገባሁ። የጣቢያው ስልክ ቁጥር አልነበረውም። በጎኑ እጀታ አለ፣ ታዞረዋለህ። ስታዞረው ውስጡ ያለው ማግኔት ኤሌክትሪክ ያመነጭና በመስመሩ ላይ ያለው ደወል ሁሉ አብሮ ይጮኻል። ስለዚህ ለማን እንደተደወለ የሚታወቀው በአጠራሩ ነው። አንድ ረጅም ከሆነ ለአንዱ፣ ረጅምና አጭር ከሆነ ለሌላው። የራስህን ትለያለህ። እናቴ ወጥ እያማሰሉ የእኛን ጣቢያ ጥሪ ይለዩ ነበር፣ «ያንተ ነው፣ ሂድ» ይሉ ነበር ለአባቴ።

መናገሪያው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነው። አንሥተህ «አሎ» ነው የምትለው። «ሃሎ» የሚለው ዘግይቶ የመጣ ነው። ስለዚህ መምህሩ ልክ ናቸው፣ ፈረንሳይኛው ሙሉ በሙሉ እዚህ ነበር። ግን ሰምታችሁ እንደሆነ ድሬ ውስጥ ፈረንሳይኛ አቀላጥፎ የሚናገረው ሠራተኛ እንኳ ከባልደረባው ጋር ሲያወራ «ስልክ ተበላሽቷል» ነው የሚለው። ለአለቃው ሲሆን «ለ ተሌፎን»። ሁለቱን ለየብቻ ያስቀምጣቸው ነበር።

ጠጋኙ_ከከዚራ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። በጣም ነው ደስታ የሰጡኝ። ያቺ በአጠራር መለየት ላይ ያሉት ነገር ዛሬ ለየሰው የተለያየ የጥሪ ድምፅ የምናስቀምጠው ማለት ነው፤ ያኔ ሰው በእጁ ይሠራው ነበር።

ስለ «አሎ» ልጨምር። ቤል ራሱ ስልክ ሲነሣ እንዲባል የፈለገው «አሆይ» ነበር፣ መርከበኞች የሚጣሩበት ቃል። ኤዲሰን በ1877 እ.ኤ.አ. «ሄሎ» ይሻላል ብሎ ጻፈ፣ የእሱም አሸነፈ። ፈረንሳይ ሲደርስ አሎ ሆነ፣ ዐረብም አሎ አለ። በባቡር ድሬ የገባው እሱ ነው ማለት ነው። ስሙ ከዐረብ፣ ሰላምታው ከፈረንሳይ፣ ግሡ ከራሳችን ደወል። አንድ የስልክ ወሬ ውስጥ ሦስቱም አሉ።

ጅቡቲ_ያደገች

አቦ ይመቻችሁ፣ በጣም ደስ የሚል ወሬ ነው የያዛችሁት።

እኔ ያደግኩት ጅቡቲ ነው፣ አሁን ለገሃሬ ነኝ። «ቴሌ» የሚለው ቃል ስንት ጊዜ እንዳጣላን ልንገራችሁ። ጅቡቲ ላይ ቴሌ ቴሌቪዥን ነው፣ በፈረንሳይኛ። እዚህ ቴሌ መሥሪያ ቤቱ ነው። አክስቴ ከጅቡቲ መጥታ ያጎቴ ልጅ «ጠዋት ቴሌ ሄጄ ሲም ካርድ ላውጣልሽ» አላት። አክስቴ ቴሌቪዥን ላይ ልቀርብ ነው ብላ ልብሷን ስትተኩስ አደረች! ጠዋት ወረፋ ላይ አሰለፋት። እስከዛሬ ታኮርፈዋለች።

ሞባይልንም ጅቡቲ «ፖርታብል» ይሉታል፣ የሚያዝ ማለት ነው። እዚህ መጥቼ ሱቅ ገብቼ ፖርታብል ስል ልጁ የሙዚቃ ስፒከር አወጣልኝ። በባቡር ግማሽ ቀን በሚያስኬድ መንገድ ውስጥ ቃሉ እንዲህ ነው የሚለዋወጠው።

ሳቢያን_ሰፈር

ስለ ቴሌግራም ማንም ምንም አላለም። እናቴ «ቴሌግራም መጣ» ሲባል ድሮ ሰው ሞተ ማለት ነበር ትላለች፣ ልብ ነበር የሚያስመታው። እኔ ቀኑን ሙሉ ቴሌግራም ላይ ነኝ።

የታሪክ_መምህር

ሳቢያን፣ እናትህ ያሉት በየአገሩ እንደዚያው ነበር።

የዚህ ቃል ታሪክ ከስልክም ይገርማል። ቴሌግራፍ መጀመሪያ ሽቦ አልነበረውም። በ1790ዎቹ እ.ኤ.አ. ፈረንሳያዊው ክሎድ ሻፕ በኮረብታ ላይ ማማ እየሠራ፣ በማማው ላይ ክንድ የሚመስል እንጨት እያንቀሳቀሰ ምልክት ያስተላልፍ ነበር። አንዱ ማማ ሌላውን በመነጽር አይቶ ይቀበላል። ከፓሪስ ሊል ድረስ መልእክት የሄደው በዚህ ነው፣ በ1794። ያ ነው የመጀመሪያው ቴሌግራፍ፣ ከሩቅ የሚጽፍ ማለት። ኤሌክትሪክ ሲመጣ ማማው ቀረ፣ ስሙ ወደ ሽቦው ተሻገረ። በ2013 እ.ኤ.አ. ሐምሌ ህንድ የመንግሥት ቴሌግራም አገልግሎቷን ዘጋች። በዚያው ዓመት በነሐሴ አንተ የምትጠቀምበት ቴሌግራም ወጣ። በአንድ ወር ልዩነት።

እዚህ ላይ ነው ጠጋኙን የምጠይቀው። ስም ከዕቃው ተነጥሎ ይህን ያህል የሚዞር ከሆነ ሰው ያየውን ነው የጠራው የሚለው ሐሳብ ለመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው የሚሠራው። ከዚያ በኋላ ቃሉ በራሱ እግር ይሄዳል።

ጠጋኙ_ከከዚራ

ለመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው፣ እስማማለሁ። ግን ያ የመጀመሪያ ቀን ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ማን እንደነበረ የሚነግረኝ እሱ ነው። ስሙ ያልተመዘገበ ሰው፣ እንጨት ተሸክሞ ከሐረር ቁልቁል የወረደ ሰው፣ አንድ ቃል ትቶልኛል። የነገሥታቱንና የኩባንያዎቹን ስም በሙሉ እናውቃለን። የእሱን ግን በዚህ ቃል ብቻ ነው የማገኘው።

ሱቄ ውስጥ በየቀኑ የማየው ነገር ነው። ዕቃው ሳጥኑ ላይ የተጻፈበትን ስም ይዞ ይመጣል፤ ሞባይል፣ ቻርጀር፣ ኤርፎን። በእጃችን የምንነካካው፣ የምንጠግነው ሲሆን ግን የራሳችንን ስም እንፈልግለታለን። ሐረር «መኪና ግርግር»ን የማያውቅ የለም። መኪናው የልብስ ስፌት መኪና ነው፣ ግርግሩ የድምፁ። ከውጭ የመጣን ቃልና የራስን ጆሮ አጋብቶ ሰፈር የሚሰይም ሕዝብ ሽቦን አይቶ ስልክ ቢል አይደንቀኝም።

ጀጎል_ውስጥ

መኪና ግርግርን ስላነሣህ ደስ ብሎኛል። አሁንም የልብስ ሰፊዎቹ ድምፅ እዚያው ነው።

«ባቡር»ንም ጨምሩበት። የፈረንሳይኛው ቫፐር ነው፣ እንፋሎት ማለት። ዐረቡ ባቡር አለው፣ ከዐረቡ ወደ እኛ መጣ። ባቡሩን የሠራው ፈረንሳይ ነው፣ ቃሉም መጀመሪያ የፈረንሳይ ነው፣ ግን በቀጥታ አልተቀበልነውም። በዐረብ አፍ ዞሮ ነው የደረሰን። መምህር «ፈረንጆቹ እዚህ እያሉ ለምን ዐረብኛ» ላሉት የእኔ መልስ ይህ ነው። ፈረንጁ ቤተ መንግሥት ነበር። ገበያው ግን በዐረብኛ ነበር የሚያስበው፣ ቃል ደግሞ የሚለመደው ገበያ ላይ ነው።

የታሪክ_መምህር

የባቡሩ ምሳሌ ጠንካራ ነው፣ ተቀብያለሁ። ምፅዋን ግን አልለቅም።

ትግርኛን እዩ። ኤርትራ ውስጥ «ተሌፎን» ነው፣ ጣሊያን ያስገባው። ትግራይ ውስጥ «ስልኪ» ነው። አንድ ቋንቋ፣ በመካከሉ የቅኝ ግዛት ድንበር። ጠጋኙ ይህን ለራሱ ሊወስደው ይችላል። ስልክ ከሰሜን ቢመጣ ኖሮ ለምፅዋ የሚቀርበው ሕዝብ ስልኪ ባለ ነበር ይለኛል። እኔ ግን ጣሊያን በኋላ መጥቶ የነበረውን ዐረብኛ ሊሸፍነው ይችላል እላለሁ። የጣሊያን አገዛዝ እዚያ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቷል፤ ቃል ለመተካት በቂ ነው።

ጠጋኙ_ከከዚራ

ልልህ የነበረውን ቀድመህ አልከው። እኔ ግን ትግራይ ስልኪ የሚለው ቃሉ ከአዲስ አበባ ስለሄደ ነው እላለሁ፣ ከመሥሪያ ቤቱና ከመስመሩ ጋር። አዲስ አበባ ደግሞ ቃሉን ያገኘችው ሽቦው ከመጣበት ነው። ሽቦው የመጣው ከሐረር ነው። በዚህ አቋሜ ላይ ነኝ።

ጋሼ የባቡር ጡረተኛ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሽቦው በዝናብ ወይ በንፋስ ሲበጠስ፣ ጣቢያዎቹ መነጋገር ሲያቅታቸው ባቡሩ እንዴት ነበር የሚለቀቀው?

የባቡር_ጡረተኛ

አይለቀቅም ልጄ። ሽቦው እስኪቀጠል ይቆማል። የመስመር ሠራተኛ በትሮሊ ይወጣል፣ ሐዲዱ ላይ በእጅ እየገፉ። የተበጠሰበትን ሲያገኙ እንጨቱ ላይ ወጥተው ይቀጥሉታል፣ የያዙትን ትንሽ ስልክ እዚያው ሽቦው ላይ አንጠልጥለው ወደ ሁለቱም ጣቢያ ይደውላሉ። ሁለቱም «አሎ» ካሉ ወረዱ። በደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ጊዜማ ሙሉ ቀን የምንቆምበት ነበር፣ መንገደኛው ወርዶ ሻይ ያፈላ ነበር።